ኮር ቆጥረን ገዛን፤ ቁልፉን ግን አልጠየቅንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር ግዢ ምክር ሲሰጥ፣ የፕሮሰሰሩ ኮር፣ ማለትም በውስጡ ሆኖ ሥራውን የሚሠራው ክፍል፣ በበዛ ቁጥር ሥራው በዚያው ልክ እንደሚፈጥን ጽፏል። ዓምዱን ከዓመታት ጀምሮ እከታተላለሁ፤ ደህና ጽሑፍ ሲወጣ ቆርጬ የተማሪዎች ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ይህኛውን ግን አልለጠፍኩትም። በዚሁ እምነት ተመርቼ፣ በመሥሪያ ቤት ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያነት ነው። በግቢያችን ሦስት የኮምፒውተር ክፍሎችና አንድ ቤተ መጻሕፍት አሉ። የአራቱም ገመድ የእኔ ቢሮ ጥግ ላይ ወዳለ አንድ ማሽን ይገባል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ መግቢያ አለው። የመምህራን ማስታወሻና የትምህርት ቪዲዮ የተከማቸበት ሰርቨር ከዚህ ማሽን በስተጀርባ ነው። የሚገባውም የሚወጣውም መረጃ በእርሱ በኩል ተፈትሾ ያልፋል፤ የግቢ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ማለት ነው።

ማሽኑ የሚሠራው ኦፕንቢኤስዲ በተባለ ስርዓተ ክወና ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ቴዎ ደ ራት የተባሉ ባለሙያ ከካናዳዋ ካልጋሪ ሆነው ጀመሩት፤ ዛሬም በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣለታል። በነፃ ይገኛል፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። እኔ የመረጥኩት በደኅንነቱ ብቻ አይደለም። መመሪያው ከራሱ ከስርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። እዚህ አካባቢ የሠራ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

በ2010 ዓ.ም. ባለ አንድ ኮሩ አሮጌ ማሽን ሥራው ሲበዛበት፣ ባለ አራት ኮር እንዲገዛ ጠየቅሁ። የጥያቄውን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። «ከአሁኑ አራት እጥፍ ይሠራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ቅጂው ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ገንዘቡ በስንት ልመና ተፈቀደ፣ ማሽኑ መጣ፣ በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶ ባደረበት ቀን፣ እጄ በብርድ እየደነዘዘ ገመዶቹን ከአሮጌው ነቅዬ አዲሱ ላይ ሰካኋቸው።

ፈተና ሲቃረብ ሦስቱም ክፍሎች አንድ ላይ ቪዲዮ ሲከፍቱ መረጃው እንደ በፊቱ ተጨናነቀ። እንዲያውም በጥቂቱ ብሶበት ነበር፤ የአዲሱ ማሽን እያንዳንዱ ኮር ለየብቻው ሲለካ ከአሮጌው ይዘገያልና። ቶፕ የተባለውን የሥራ መከታተያ ከፈትኩ። አንዱ ኮር ፋታ አጥቶ ይሠራል፤ ሦስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የግዢ ክፍሉ ኃላፊ፣ ጋሼ የምላቸው ጠንቃቃ ሰው፣ ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩና «አንቺ ልጅ፣ አራት ሠራተኛ ቀጥረን ለሦስቱ በከንቱ ደመወዝ እየከፈልን ነው ማለት ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጀብኝ። የክፍት ምንጭ ትርጉሙ ከልቤ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የተዘጋ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ለሻጩ ስልክ ደውዬ እጠብቅ ነበር። ይህን ግን ከፍቼ የማንበብ መብት ነበረኝ፤ አነበብኩት። ከመረጃ ማሳለፉ ሥራ ፊት ለፊት የቆመው ቁልፍ ነበር።

ከርነል የምንለው የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ማህደረ ትውስታውን፣ ፋይሉን፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ሁለት ኮሮች አንድን የከርነል መዝገብ በአንድ ጊዜ ቢነኩ ምን እንደሚሆን ለማየት የዕቁብ መዝገብ ይበቃል። መዝገቡ ላይ 500 ብር ተጽፏል እንበል። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ቅጽበት ያዩታል፤ ሁለቱም 500 ብለው ያነባሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአባል የተቀበሉትን 100 ብር ይደምራሉ፤ ሁለቱም 600 ብለው ይጽፋሉ። ሳጥኑ ውስጥ ግን 700 ብር አለ። የሰረቀ የለም፣ ድምሩን የሳተም የለም፤ መቶ ብር ግን ከመዝገብ ጠፍቷል። በከርነል ውስጥ እንዲህ ያለው መጥፋት ማሽኑን በድንገት ያቆመዋል፣ ወይም የሰውን ፋይል ያበላሻል። ከሁሉ የሚከፋው፣ በሺህ ጊዜ አንዴ ስለሚከሰት ስትፈልጉት አይገኝም። ስለዚህ አንዱ እየጻፈ ሳለ ሌላው እንዳይገባ ይቆለፋል። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ መነሻ ነው።

ክርክሩ ታዲያ የቁልፉ ስፋት ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ የወንድ አያቴ ተዝካር የወጣ ዕለት የሆነውን አስታውሳለሁ። የጓዳው ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሴት አያቴ አንገት ላይ፣ ከማተባቸው ጋር ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ቅቤው፣ በርበሬው፣ ማሩ፣ ዱቄቱ፣ አረቄው ሁሉ እዚያው ጓዳ ነው። ለሥራ የመጡት ሴቶች አሥር ይሆናሉ። ቅቤ የምትፈልገው ቁልፉን ተቀብላ፣ ገብታ፣ ቆልፋ እስክትመልስ ድረስ ዱቄት የምትፈልገው በር ላይ ትቆማለች፤ የሁለቱ ጉዳይ ምንም አይገናኝም፣ ግን ትቆማለች። ዳሱ ውስጥ እንግዳው ባዶ መሶብ ከብቦ ይጠብቃል። ሌላ አሥር ሴት ከጎረቤት ቢጠራ ኖሮ የሚረዝመው በር ላይ ያለው ሰልፍ ነበር እንጂ እንጀራው ቀድሞ አይደርስም።

አያቴን ግን አልወቅሳቸውም። አንድ ቁልፍ ለመጠበቅ ቀላል ነው፤ በዚያ ቀን ከጓዳው አንዲት ጭልፋ እንኳ አልጠፋችም። የከርነል ሠሪዎችም የጀመሩት እንደ አያቴ ነው። የእነዚህ ስርዓቶች አባት የሆነው ዩኒክስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የሚሠራበት ኮምፒውተር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነበረው፤ ኮዱም የተጻፈው «እኔ ውስጥ ሳለሁ ሌላ ማንም አይገባም» በሚል እምነት ነው። ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሲመጣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር የኮድ መስመር በአንድ ሌሊት አይጻፍም። የሚቻለው በከርነሉ በር ላይ አንድ ትልቅ ቁልፍ ማንጠልጠል ነበር፤ ከርነል ውስጥ መግባት የሚችለው አንድ ኮር ብቻ ይሆናል፣ የቀሩት ይጠብቃሉ። የሚጠብቀው ኮር አንዳንዴ ዝም ብሎም አይጠብቅም፤ «ተለቀቀ? ተለቀቀ?» እያለ እዚያው ይሽከረከራል፣ ኤሌክትሪኩን ይበላል፣ ማሽኑን ያግላል።

ሌላው ክፍት ስርዓት ሊኑክስ በ1996 እ.ኤ.አ. 2.0 በተባለው እትሙ ብዙ ፕሮሰሰር መደገፍ ሲጀምር ይህን ትልቅ ቁልፍ ይዞ ነበር። የመጨረሻው ቅሪት ተነቅሎ የወጣው በ2011፣ በ2.6.39 እትም፣ በአርንድ በርግማን እጅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት! በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ገንዘብ ያለው የክፍት ምንጭ ከርነል ነው አሥራ አምስት ዓመት የፈጀበት። የኦፕንቢኤስዲ ዘመድ የሆነው ፍሪቢኤስዲ ቁልፉን ግዙፉ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ እርሱን የመከፋፈሉን ዘመቻ በ2000 ጀመሩ፣ የሥራው የመጀመሪያ ፍሬ የሆነው 5.0 በጥር 2003 ወጣ፤ ኔትወርኩ ከግዙፉ የተላቀቀው በ5.3፣ በ2004 መጨረሻ ነው። በመሐሉ በአሠራሩ ላይ ያልተስማሙ ሰዎች ተነጥለው ድራጎንፍላይ የተባለ ሌላ ስርዓት አቋቁመዋል። ቁልፍ መከፋፈል ወዳጅ ያለያያል።

የእኔው ኦፕንቢኤስዲ ብዙ ፕሮሰሰር መደገፍ የጀመረው በኅዳር 2004 እ.ኤ.አ.፣ በ3.6 እትም ነው። ሠሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ሌላ የእንጀራ ሥራ አላቸው፤ ሥራው የሚካሄደው በመዋጮ ነው። እኔ በ2010 ዓ.ም. ማሽን ስገዛ ከትልቁ ቁልፍ ጋር ትግል ላይ ነበሩ። ኔትወርኩ የራሱ ቁልፍ ተበጅቶለታል፤ መረጃ የማሳለፉን ሥራ ግን የሚሠራው ገና ከርነሉ ውስጥ ያለ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር። አራት ኮር ብገዛ አርባ፣ በዚያ በር የሚያልፈው አንድ ነው። ይህን ማንም አልደበቀኝም፤ ተጽፎ ነበር። ሳልጠይቅ ገዛሁ።

ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ትንሽ ብተርክ ይፈቀድልኝ፤ ያስደነቀኝ እርሱ ነውና። በኦፕንቢኤስዲ ኮድ ውስጥ ፕሮግራሞች ከርነሉን የሚጠይቁባቸው ጥሪዎች ሁሉ የተዘረዘሩበት አንድ ፋይል አለ። በአንዳንዶቹ መስመር ላይ «ኖሎክ» የምትል ምልክት ትታያለች፤ ይህ ጥሪ ያለ ትልቁ ቁልፍ መሄድ ይችላል ማለት ነው። የዓመታት እድገት የሚነበበው በዚህች ምልክት ነው። አንዷን ለመጨመር አንድ ሰው ጥሪው የሚነካቸውን መዝገቦች አንድ በአንድ ይከታተላል፤ የትኛው በየትኛው ትንሽ ቁልፍ እንደሚጠበቅ ከመዝገቡ አጠገብ ይጽፋል፤ ሌላ ሰው አንብቦ «ኦኬ» ይላል፤ ከዚያ ይገባል። ከሳምንት በኋላ የአንድ ሰው ማሽን ቢቆም ለውጡ ያለ ክርክር ተመልሶ ይወጣል፣ እንደገና ይጠናል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሳነብ፣ ሸማኔ አንድ ክር ሲበጠስበት የሠራውን ፈትቶ ሲመለስ ያየሁትን ያስታውሰኛል።

ቁልፍ መከፋፈል ራሱ ሌላ መከራ ያመጣል። ያ የአያቴ ጓዳ ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ቁልፍ ቢኖረው ብለን እናስብ፤ አንዱ የቅቤ፣ አንዱ የበርበሬ። አንዷ ወጥ ሠሪ የቅቤውን ቁልፍ ይዛ የበርበሬውን ትጠብቃለች። ሌላዋ የበርበሬውን ይዛ የቅቤውን ትጠብቃለች። ሁለቱም ትሑታን፣ ሁለቱም ታጋሾች ናቸው፤ ወጡ ግን እስከ ዘላለም አይሠራም። መድኃኒቱ ሥርዓት ነው፦ ማንም ብትሆን መጀመሪያ የቅቤውን፣ ቀጥላ የበርበሬውን ትያዝ። ከርነል ውስጥ ግን ሳጥኑ በመቶዎች ስለሚቆጠር ሥርዓቱን ማንም በቃሉ አይዘውም። ስለዚህ ዊትነስ፣ ማለትም ምስክር፣ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ከፍሪቢኤስዲ ተወስዶ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ኦፕንቢኤስዲ ገባ። ቁልፎች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተያዙ እየመዘገበ፣ አንዱ ተራውን ገልብጦ ሲይዝ ወጡ ሳይቆም በፊት ይጮሃል። ሊኑክስም ከ2006 ጀምሮ የዚህ ዓይነት መሣሪያ አለው። ይህን መሣሪያ የፈጠሩ ሰዎች ለእኔ ከብዙ ባለ ዝና የስልክ ሠሪ ይበልጡብኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፍ ሁሉ ሰውን ብቻውን አያስገባም። የፈተና ውጤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አርባ ተማሪ አብሮ ያነበዋል፤ መምህሩ ሊያስተካክል ሲመጣ ግን ሁሉም ገለል ይላል። የኔትወርኩ ቁልፍም እንዲህ ሆኖ ነው የተበጀው። መረጃ የሚያሳልፍ ኮር፣ መረጃው በየት በኩል እንደሚሄድ የተጻፈበትን የመንገድ መዝገብ በአብዛኛው ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፤ ስለዚህ አንባቢዎች አብረው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 7.2 እትም መረጃ የማሳለፉን ሥራ እስከ አራት ለሚደርሱ ሠራተኞች አከፋፈለው። ከ2004 ቢቆጠር አሥራ ስምንት ዓመት ማለት ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም. እትሙን በፍላሽ ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ቅዳሜ ከሰዓት ጫንኩት። በፈተናው ሳምንት ቶፕን ስከፍት አራቱም ኮሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ እውነቴን ነው።

አራት እጥፍ ግን አልሆነም። እኔ ስለካው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው ያገኘሁት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚያልፈውን የሚፈትሸው ክፍል የራሱ ቁልፍ አለው፣ እዚያ አሁንም ተራ ይጠበቃል። የኮምፒውተር ባለሙያው ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከሥራው አንድ አራተኛው በግድ በተራ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሺህ ኮር ቢገዛ እንኳ ከአራት እጥፍ በላይ አይፈጥንም። ይህን ስሌት የግዢ ኮሚቴ አባላት ሁሉ ቢያውቁት ምንኛ ደስ ባለኝ። የጨረታ ሰነድ ላይ «ስንት ኮር?» ከሚለው ቀጥሎ «የሚጫንበት ሶፍትዌር ስንቱን በአንድ ጊዜ ያሠራል?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለ።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ገና መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «እነዚያ ሦስቱ ሥራ ጀመሩ?» አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በልባቸው ይዘውት ነበር። ነገርኳቸው፤ ካናዳና ጀርመን ያሉ ሰዎች፣ እኛን የማያውቁ፣ ቁልፉን ፈትተው እንደላኩልን ነገርኳቸው። «ምን ከፈልናቸው?» አሉ። ምንም አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

ወደ እናንተ ልመለስ። ዓምዳችሁ የአዲስ ስልክ ካሜራ ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ በየሳምንቱ ይነግረናል። እንዲህ ያለ የአሥራ ስምንት ዓመት ትዕግሥት ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። ተማሪዎቻችን «ሴማፎር» የሚለውን፣ የቁልፍ ዓይነት የሆነውን፣ ቃል ትርጉም ለፈተና ይሸመድዳሉ፤ በእውነተኛ ኮድ ውስጥ አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ኮዱ ክፍት ነው፣ አሮጌ ማሽን ይበቃዋል፣ «ኖሎክ» ያልተጻፈባቸው መስመሮች ገና ብዙ ናቸው፤ የፋይል ሥርዓቱ አብዛኛው ክፍል አሁንም በትልቁ ቁልፍ ሥር ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ የተነሣ ልጅ እዚህ ሥራ ውስጥ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያግደው ማንም እንዳልነገረው ብቻ ነው።

ልጆቹ ሐሳቡ የሩቅ አገር ሐሳብ እንዳይመስላቸውም እፈልጋለሁ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው በቁልፍ ሥርዓት ነው፤ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጠባቂዎች ይሾሙለታል፣ ቀኑ ተነግሮ ሲከፈት ሁሉም ባለመብት ያጭዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ያን ሥርዓት የ1967 ዓ.ም.ቱ የመሬት አዋጅ ካፈረሰው በኋላ ሣሩ ምን እንደደረሰበት ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ያለ ቁልፍ የጋራ ነገር እንደማይቆይ፣ ቁልፉ ከልክ በላይ ሲሰፋም እንግዳው ባዶ መሶብ ከብቦ እንደሚቀር፣ ይህን ያህሉን ቤታችን ውስጥ የተማርነው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ስለ ኮር ብዛት የተጻፈው ይታረም። ቀጥሎም ዓምዱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የክፍት ምንጭ ስርዓቶች አዲስ እትም ሲወጣ፣ ምን እንደተቆለፈና ምን እንደተፈታ በአማርኛ ይጻፍ። የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ። የሚቀጥለውን እትም እንደወጣ እጭነዋለሁ፤ በሦስቱ ክፍሎች ላይ ለክቼ ውጤቱን ከነጉድለቱ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን